የቀይ ክሩ ድስት

በእናቴ ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ሚስማሮች አሉ። በአንደኛው የእኛ ድስት ይሰቀላል። በሌላው ደግሞ ጆሮው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት የጎረቤታችን የከድጃ ድስት። ያ ድስት የራሱ ማማሰያ፣ የራሱ ቢላ፣ የራሱ መክተፊያ አለው፤ ሁሉም ላይ ቀይ ክር አለ። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን በዚያ ድስት ሽሮ ሳሞቅ እናቴ ደረሰችብኝና ጆሮዬን የያዘችበትን አያያዝ እስካሁን አልረሳሁትም። ሥጋ የሌለበት ሽሮ ምን ያደርገዋል ብዬ ባለቅስም ሰሚ አላገኘሁም።

እናቴ ፋንቱ ትባላለች። ጅማ የመጣችው አባቴን ሣህሉን ተከትላ ነው። እሱ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ መንደራ ቆጪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየ፤ እሷ ከመንዝ ያመጣችውን በርበሬ በከረጢት ቋጥራ ጓዳ አስቀመጠች። ጅማ ላይ በርበሬ ጓዳ የሚያስቀምጥ ሰው ለሻጋታ ነው የሚያስቀምጠው። ክረምቱ ሳይጋመስ በርበሬው ነጭ ፀጉር አበቀለ። እናቴ ከረጢቱ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ በአጥር በኩል የሰማቻት ከድጃ ነበረች።

ከድጃ በጅማው መርካቶ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ድምፅዋ ከደንበኛ ጋር ክርክር የለመደ ስለሆነ ምስጢር ማውራት አትችልም። ሳትጠራ ገባች፣ የሻገተውን ለይታ ደፋች፣ የተረፈውን ከምድጃው በላይ ሰቀለች። «እዚህ አገር ፀሐይ እንግዳ ናት፤ ብቅ ስትል አስጪ፣ እንዳታልፍሽ» አለቻት። የሁለቱ ጉርብትና እንዲህ ተጀመረ።

ድስቱ የመጣው እኔ ስወለድ ነው። ከድጃ አራስ እናቴን ቀኑን ሙሉ ስታገላብጥ፣ ገንፎ ስታገነፋ፣ ዶሮ ስትሠራላት ትውልና ማታ ጾሟን ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ክርስቲያን ያረደውን እሷ አትበላም፤ ለእኛም ሙስሊም ያረደው እንደዚያው ነው። ይህን ጅማ ውስጥ ሕፃንም ያውቀዋል። እናቴ ግን ሴትዮዋ እየራባት እንደምታስታምማት የገባት ዘግይቶ ነበር። አልጋ ላይ እንዳለች አባቴን አዲስ ድስት እንዲገዛ ላከችው። የከድጃ ባል ሸኩር ቢስሚላህ ብሎ ዶሮ አረደ፤ እናቴ ገና ወገቧ ሳይጠና ተነሥታ በአዲሱ ድስት ሠራችላት። ክሩን ያሰረችው ራሷ ከድጃ ናት፣ ከሱቋ ጨርቅ ጫፍ መዝዛ።

የእናቴ ሌላው ልማድ ከድስቱም የባሰ ነበር። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ በረንዳ ላይ በርጩማዋን አውጥታ ትቀመጣለች፤ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ የነገን ምስር ትለቅማለች፣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ኮረሪማ ትፈለፍላለች። የነገ ወጥ የሚሠራው ዛሬ ነው ባይ ናት። ምስሩን እየለቀመች ቀኑንም ትለቅማለች። ከእንቅልፏ ከተነሣችበት ጀምራ ድምፅ አውጥታ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። «ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ወተት ያመጣችዋን ሴትዮ ውኃ ጨምረሽበታል አልኳት...» እዚህ ላይ እጇ ይቆማል። ጠጠር አገኘች ማለት ነው። ሰፌዱን አስቀምጣ ትነሣለች፤ የሽንኩርት ልጣጭ ነጠላዋ ላይ እንደተለጠፈ ወተት ሻጯ ቤት ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃ ትመለሳለች። ወተቱ ውኃ የገባበት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷን ግን የጨነቃት የተናገረችበት አነጋገር ነው።

አባቴ «ፋንቱ የንስሐ አባቷን ሥራ አስፈታችው» እያለ ይስቅባት ነበር። እኔ አልስቅም፤ እራት ይዘገይብኛል። አንዴ «ለነገ ብታቆዪው ሰማይ ይወድቃል?» ብያት፣ «ነገ የራሱ ጠጠር አለው» ብላኝ ሄደች።

ከድጃ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ ደግሞ ጉዱ ይብሳል። አጠገቧ ተቀምጣ ምስር እያገዘች የእናቴን ቀን አብራት ትለቅማለች። «ማሎ! ይቺን ዘለልሻት እኮ ፋንቱ፣ ጠዋት ናርዲን ሰድበሻታል፣ እኔ በአጥር ሰምቻለሁ» ትላለች። ናርዲ እኔ ነኝ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ ይቅርታ ትለኛለች፤ ከድጃ በሳቅ ትፈርሳለች። አባቴ ከሞተ በኋላም ያ በረንዳ ዝም ብሎ ያመሸበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከድጃ ባለፈው ረመዳን ማግስት ታመመች። ሆዷ ነው። ሐኪም ቤት ብዙ አመላለሷትና በመጨረሻ «ቤቷ ወስዳችሁ የምትፈልገውን ስጧት» አሏቸው። ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጇ ፈትያ አጋሮ ባሏንና የቡና መጋዘናቸውን ትታ እናቷን ልታስታምም መጣች። ፈትያ እጇ የሚጣፍጥ ሴት ናት፤ ከድጃ ግን የሷን መረቅ አንድ ጊዜ ቀምሳ ገፋችው። «የፋንቱን አምጡልኝ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸኩር ጠዋት ዶሮ ያርዳል፤ እግሩ ላይ ቀይ ክር አስሮ በሳሕን ከድኖ ያመጣል። እናቴ ላባውን ነጭታ፣ በሎሚና በጨው አጥባ፣ ብልት በብልት አውጥታ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ብቻ ትቀቅለዋለች። በርበሬ የለውም። አጥልላ፣ ትኩሱን በአጥሩ መሿለኪያ ይዛ ትሄዳለች። ከድጃ ጥቂት ትጎነጫለች። አንዳንድ ቀን ያ ጥቂት ብቻ ነበር ምግቧ።

እናቴ ራሷ መርሳት የጀመረችውም ያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጨው ሁለቴ ጨመረች። ከዚያ እኔን በሟች እኅቷ ስም ጠራችኝ። አንድ ቀን ከሰሉ ላይ ባዶ ብረት ድስት ጥዳ ቀይ እስኪሆን ትታው ተገኘች። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጠው፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድም ነገረን። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች አመሰገነችው። ከሰዓት በኋላ ምስሯን ይዛ ስትቀመጥ ግን እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ተነሣሁ... ፊቴን... ከዚያ የት ሄድን?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪም ቤት አልኳት። «ቀኔ ወንፊት ሆነ፣ ናርዲ» አለችኝና አለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ።

ከማዕድ ቤት ላስወጣት አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ለከድጃ ስትሠራ እጆቿ የድሮዎቹ ይሆናሉ፤ ዶሮ ስትበልት አንዲት ብልት አትሳሳትም። ቀኑን ሙሉ ስትባክን የዋለች ሴት የቀይ ክሩን ድስት ስታወርድ ሰው ትሆናለች። ያንን ምን ብዬ እነጥቃታለሁ?

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ዕለት በእኛ ቤት ሁለት ዶሮ ነበር። አንዱን ለእኛ ጎረቤታችን ጋሽ ወልደሰማያት በስመ አብ ብሎ አርዶልናል። ሌላውን ሸኩር እንደ ወትሮው በሳሕን ከድኖ አምጥቷል። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስመለስ እናቴን መረቁን አድርሳ መጥታ በረንዳ ላይ አገኘኋት። ወዲያው ፈትያ ከአጥር ማዶ ጮኸች። «ናርዲ! ጨርሳዋለች! ሙሉውን ሳሕን!» ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆኖኛል። እናቴ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። የእኛን ዶሮ ለእራት አቆይተን ምሳ በአይብና በቅቤ በላን፤ በደስታ የበላነው ግን ጾሙ ስለተፈታ ብቻ አልነበረም።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል በርጩማዋን አወጣች። ቀኑ ጥሩ ቀን ነበር፤ ብዙም ሳትደናቀፍ መቁጠር ያዘች። «ተነሣሁ። ናርዲን ሸኘሁ። ሸኩር ዶሮውን ሰጠኝ። ሳሕኑን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩ። ድስቱን ከሚስማሩ አወረድኩ...»

ቆመች። ቀኝ እጇን ገልብጣ ጣቶቿን ትመለከት ጀመር።

«ምነው እማዬ?»

«ክሩ እጄን አልነካውም» አለች።

ያን ድስት ባነሣች ቁጥር የክሩ ጫፍ ጣቷን ይነካል። ያን ሁሉ ዓመት ሲነካት ኖሯል፤ የዛሬውን ስታስታውስ ግን አልነካትም። ምስሩ እየፈሰሰ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ተከተልኳት። የከድጃ ድስት ሚስማሩ ላይ ነው፣ ደረቅ፣ ትናንት ታጥቦ እንደተሰቀለ። ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የሸኩር ሳሕን እንደተከደነ ተቀምጧል፤ ውስጡ ዶሮው እንዳለ ነው፣ ክሩ እግሩ ላይ። ከሰሉ ላይ ያለው የእኛ ድስት ነው፣ ከሥሩ የመረቁ ዝንጅብልና አጥንት ቀርቶ። ከድጃ የጨረሰችው የወልደሰማያትን ዶሮ ነው።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆምኩባት።

«እማዬ፣ አትንገሪያት።»

«ልቀቂኝ።»

«ልትሞት ነው እኮ! አንድ ቀን ጠግባ ውላለች፣ ሰላሟን ለምን ትነሻታለሽ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ደግሞ ብትነግሪያቸው ከእንግዲህ እጅሽን አያምኑም። መረቁን ይከለክሉሻል።»

የመጨረሻውን ስል ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ለራሷም ገብቷታል። የቀይ ክሩ ድስት ከሷ ከተወሰደ የቀራት ነገር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

«ነገ እረሳዋለሁ፣ ናርዲ» አለችኝ። «ነገ ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው እኔ ውስጥ አይኖርም። ለከድጃ የምናገርበት ቀን ዛሬ ብቻ ነው ያለኝ።»

መንገዱን ለቀቅኩላት።

ከድጃ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ነበረች። ሸኩር ሶላቱን ጨርሶ መስገጃውን ያጥፋል፤ ፈትያ የእናቷን እግር ታሻለች። እናቴ ፍራሹ አጠገብ ተንበርክካ፣ እጇ ላይ የምስር ገለባ እንዳለ፣ ሁሉንም ተናገረች።

«ዶሮው የማን እጅ ነው?» አለች ከድጃ በመጨረሻ።

«የወልደሰማያት።»

ከድጃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆየች። ከዚያ ፈትያን ውኃ ጠየቀችና አፏን ተጉመጠመጠች። ውኃውን ማስታጠቢያው ውስጥ ስትተፋው እናቴ አንገቷን ደፋች። «አስተግፊሩላህ» አለች ከድጃ። እንደገና ተኛች።

«ያላወቀ አይጠየቅም። አላህ ያውቃል» አለች። «አውፍ ብያለሁ፣ ፋንቱ ኮ። ታኢ፣ ተቀመጪ።»

እናቴ ከመንበርከክ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከድጃ ትኩር ብላ አየቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትረሺው?» አለቻት።

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሸኩር እስከ በር ሸኘን። «እኅቴ ፋንቱ፣ ብዙ ደክመውልናል፤ ከእንግዲህ ይረፉ» አላት። ደግ ሰው ስለሆነ መሬት መሬቱን እያየ ነው የተናገረው። ፈትያ ግን የመረቁን ሳሕን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። አላጠበችውም። እናቷ ጠግባ የበላችው ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የፈትያን መረቅ ሁለት ማንኪያ እንኳ አልጨረሰችም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴን የቀይ ክሩን ድስት አውርዳ ቆማ አገኘኋት። «ሸኩር ዶሮውን አላመጣም እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? መንገድ ሄዷል አልኩ። ድስቱን እያቀፈች ስትዞር ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ሰፌዷን ይዛ ተቀመጠችና መቁጠር ጀመረች። ጠዋቱ የለም። ቁርሷ የለም። ከዚያ ሁሉ ቀዳዳ መካከል ግን አንድ ነገር ብቻ ሳይወድቅ ቀርቷል። ቀኝ እጇን ገለበጠች።

«ክሩ እጄን አልነካውም።»

«ነግረሻታል እማዬ። ትናንት ሄደሽ ነግረሻታል። አውፍ ብላሻለች፣ ይቅር ብላሻለች።»

«እኔ? መቼ?» የምዋሻት መስሏት ተቆጣችኝ። ተነሥታ ሄደች።

ከድጃ እንደ አዲስ ሰማቻት። የማን እጅ እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ቆየች፣ አውፍ ብያለሁ አለቻት። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ። የመርሳት በሽታ ለእናቴ በደሏን ትቶላት ምሕረቱን ብቻ ይወስድባት ነበር። እንዲህ ያለ ሌባ አይቼ አላውቅም። ፈትያ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ «እማማ ፋንቱ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ተኝታለች» ብላ ልትመልሳት ሞከረች። ከውስጥ ያ የመርካቶ ድምፅ፣ አሁን እንደ ክር ቀጥኖ፣ «አስገቢያት» አለ።

እኔ ተሳቅቄ ከድጃን ይቅርታ ስጠይቅ «ተይ አቦ፣ እኔስ ተኝቼ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» አለችኝ። ልትስቅ ሞክራ ሕመሙ አቋረጣት።

ከድጃ መስቀል ሳይደርስ ሞተች። በዕለቱ ቀበሯት። እናቴ አስከሬኑ ከግቢ ሲወጣ አጥሩን ይዛ አለቀሰች፤ ስሟን እየጠራች፣ በርበሬውን እያነሣች፣ አራስነቷን እያነሣች። ያዘነ ሰው የሚለውን ሁሉ አለች። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ምስሯን አስቀምጣ ተነሣች።

ለቅሶ ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። እናቴ በመካከላቸው አልፋ ፍራሹ የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ቆመች። «የት ወሰዳችኋት? የምነግራት ነገር አለኝ» አለች።

«ሞታለች!» ብላ ጮኸች ፈትያ። «ሞታለች እማማ ፋንቱ፣ ቀብረናታል!»

እናቴ መርዶ እንደሰማ ሰው መሬት ወደቀች። ሴቶቹ ሁሉ እንደገና አለቀሱ። ተሸክመን አመጣናት። በነጋታውም ሄደች፤ በነጋታውም መርዶውን ሰማች። ሰው አንዲትን ጓደኛ ስንት ጊዜ ይቀብራል? ከዚያ በኋላ መሿለኪያውን በቆርቆሮ ዘጋሁት፤ የውጭውን በር ቆለፍኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ቆርቆሮውን በጥፍሯ ትቧጭር ጀመር። «ናርዲ፣ ክፈቺልኝ። ከድጃ ታማለች። ሳልነግራት ልትሞትብኝ ነው!» አባበልኳት፣ አቀፍኳት፣ ተቆጣኋት። አልሆነም። ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ያንኑ ትጮኻለች። «ሳልነግራት ልትሞትብኝ ነው!»

ከማዶ እርምጃ ሰማሁ። «ክፈቺላት» አለች ፈትያ።

ቆርቆሮውን አነሣሁ። ፈትያ እናቴን በክንዷ ይዛ ቤት አስገባቻት። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ተጠቅልሎ የነበረውን ፍራሽ ዘረጋች፤ የእናቷን ሻሽ አሰረች፤ ከድጃ ትተኛበት በነበረው ጎን ጋደም አለች። እናቴ ተንበርክካ ሁሉንም ተናገረች፣ ሚስማሩን፣ ሳሕኑን፣ ክሩን።

«ዶሮው የማን እጅ ነው?» አለች ፈትያ።

«የወልደሰማያት።»

ፈትያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆየች። ከድጃ ከምትቆየው በላይ ቆየች። አሁን ተነሥታ ታስወጣታለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አውፍ ብያለሁ፣ ፋንቱ ኮ» አለች ወደ ግድግዳው እያየች። «ታኢ፣ ተቀመጪ።»

እናቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ትንሽ ተቀመጠች፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት፣ ከዚያ ምስሩ እንዳልተለቀመ ነግራት ወጣች። ፊቷ በርቷል።

ፈትያ ሻሹን እየፈታች እስከ መሿለኪያው ተከተለችን። እጇን ይዤ ላመሰግናት አፌን ስከፍት እጇን አስለቀቀችኝ።

«አታመስግኚኝ» አለች። «እኔ ይቅር አላልኳትም። ያ የእናቴ ቃል ነው፤ እሷ ያለችውን ነው የማደርሰው።»

አጋሮ ባሏ እየጠበቃት እንደሆነ አውቃለሁ። ቆርቆሮውን አንሥታ ከአጥሩ ሥር አስደገፈችው።

«ነገም አሥር ሰዓት ላይ አምጫት» አለችኝ።